የጣሪያው ባለቤት

ለመሆኑ የጥበብ ሥራ ባለቤት ያሠራው ነው ወይስ የሠራው? በኢስፋሃን፣ በቼሄል ሶቱን ቤተ መንግሥት፣ ኅብረ ቀለም የተቀባው የእንጨት ጣሪያ የዳግማዊ ሻህ ዓባስን ክብር ይናገራል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴም ከጣሪያው ቁልቁል የሚመለከቱት የመላእክት ፊቶች ከአፄ ኢያሱ ስም ጋር ይነሣሉ፤ የሠዓሊውና የአናጢው ስም ግን እምብዛም አይነሣም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ጣሪያው ተረፈ፤ የሠሪዎቹ መታወሻ ግን በዝምታ ነደደ።

የመንዝ ሸማኔም በባናው ላይ ስሙን አይጽፍም፤ የለበሰው ግን ይሞቀዋል። ይህ ትሕትና ነው የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ስምን መተው ትሕትና የሚሆነው ሠሪው ራሱ ሲተወው ነው እንጂ ሌላው ሲረሳበት አይደለም። እንግዲህ ሥዕሉን ከዝናብ የሚጠብቅ ትውልድ ሠሪውንም ከመረሳት ሊጠብቀው ይገባል።