ስሕተት በረከሰ ጊዜ፤ ስለ ኅትመትና ስለ ኅሊና

የሰው ልጅ ሥራውን ተጠንቅቆ የሚሠራው ከፍርሃት የተነሣ ነው ወይስ ከፍቅር? ጥያቄው የቆየ ነው፤ በየዘመኑም መልኩን እየለዋወጠ ይመለሳል። በዛሬው ጊዜ ይህ ጥያቄ ተመልሶ ከመጣባቸው ቦታዎች አንዱ ማተሚያ ቤት ነው ብንል አንዳንድ አንባቢያን ይገረሙ ይሆናል። ነገር ግን መጽሐፍም ሆነ ጋዜጣ፤ የምስክር ወረቀትም ሆነ የመንግሥት ደንብ ከእጃችን የሚደርሰው በማተሚያ ቤት በኩል አልፎ ስለ ሆነ፤ በዚያ ቤት ውስጥ የሚደረገው ለውጥ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ጽሑፍ ለማሳተም ወደ አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ሄደን ተራችንን ስንጠብቅ ያየነው ነገር ለዚህ ሐሳብ ምክንያት ሆነን። አንድ ወጣት ሠራተኛ በዲጂታል ማተሚያ አጠገብ ቆሞ ለአንድ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀት ያትም ነበር። እያንዳንዱ ወረቀት የተማሪውን ስም ከነአባቱ ስም ይዞ ይወጣል። ዕድሜያቸውን በኦፍሴት መኪና ላይ ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ አታሚ ደግሞ ከጎኑ ተቀምጠው፤ ማንም ሳያዛቸው፤ የወጣውን ወረቀት አንድ በአንድ እያነሡ ከስም ዝርዝሩ ጋር ያስተያዩ ነበርና ከመካከሉ አንዱን ለይተው አወጡ። የአባትየው ስም «ታደለ» መሆን ሲገባው «ታደሰ» ተብሎ ታትሟል። ወጣቱም ፈገግ ብሎ፤ «ምንም አይደል ጋሼ፤ አንድ ጊዜ ብነካው ሌላ ይወጣል» አለ። ሽማግሌውም፤ «ወረቀቱማ ይወጣል ልጄ፤ ሳናየው ሄዶ ቢሆን ኖሮ ግን ልጁ በማን አባት ስም ይኖር ነበር?» አሉት።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ወጣቱ የተናገረው ስለ ወረቀቱ ነው፤ ሽማግሌው የተናገሩት ግን ወረቀቱን ይዞ ስለሚሄደው ሰው ነው። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስናሰላስለው የቆየነው ነገር ይህ ነው፤ ስሕተትን ማረም እንዲህ ከቀለለና ከረከሰ፤ የረከሰው ለማን ነው?

ይህን ለመመርመር የሁለቱን ጥበብ ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። የድንጋይ ኅትመት ወይም ሊቶግራፊ የተባለው ጥበብ የተገኘው በጀርመን አገር በባቫርያ ነው። ፈልሳፊው አሎይስ ዜኔፌልደር እ.ኤ.አ. በ1771 በፕራግ የተወለደ የተውኔት ደራሲ ሲሆን፤ ድርሰቶቹን የሚያሳትምበት ገንዘብ ስላጠረው ርካሽ መንገድ ሲፈልግ በ1796 በድንጋይ ላይ መሞከር ጀመረ፤ በ1798 ገደማም ምስጢሩን አገኘው። ምስጢሩም ቅባትና ውኃ አይዋሐዱም የሚለው፤ ማንም በየወጥ ቤቱ የሚያውቀው ነገር ነው። የዞልንሆፈን በተባለው የኖራ ድንጋይ ላይ ጽሑፉ ወይም ሥዕሉ በቅባታም ቀለም ይሣላል፤ ድንጋዩ በውኃ ይረጥባል፤ ከዚያ በኋላ የማተሚያው ቀለም ሲዳመጥበት በተሣለው ላይ ብቻ ይይዛል፤ ውኃ ያለበትን ቦታ ይሸሸዋል። በወረቀቱ ላይ ተቃንቶ እንዲነበብም ጽሑፉ በድንጋዩ ላይ ተገልብጦ መጻፍ ነበረበት።

ዘመን ሲገፋ በድንጋዩ ፈንታ ቀጭን የብረት ፕሌት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ አይራ ሩበል የተባለ አሜሪካዊ አታሚ በኒው ጀርሲ ሲሠራ፤ አንድ ወረቀት ሳይገባ ቀርቶ መኪናው ባዶውን ዞረና ቀለሙ በሲሊንደሩ ጎማ ላይ ታተመ። ቀጥሎ የገባው ወረቀት በጀርባው በኩል ከጎማው ቀለም ተቀብሎ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን የተበላሸ ወረቀት ነው ብሎ በጣለው ነበር። ሩበል ግን አስተውሎ ቢያየው፤ ከጎማው የተቀበለው ገጽ ከፕሌቱ በቀጥታ ከታተመው ይልቅ የጠራ ሆኖ አገኘው። ኦፍሴት የሚባለው ኅትመት በዓለም የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው።

በኦፍሴት መኪና ላይ የኖረ ሰው ጠባዩን ሥራው ይቀርጸዋል። ለአንድ ባለ ቀለም ሥዕል አራት ፕሌት ይዘጋጃል። ውኃው ከበዛ ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ ካነሰ ወረቀቱ በሙሉ ይቆሽሻል። ሚዛኑ እስኪገኝ ድረስ ብዙ ወረቀት በከንቱ ይሄዳል። ሚዛኑ ሲገኝም አንድ ወረቀት ተመርጦ ይመረመራል፤ ኀላፊው ወይም ባለ ሥራው ይፈርምበታል፤ ከዚያም መኪናው ሲለቀቅ በየሰዓቱ ሺሕና ሺሕ ወረቀት ይተፋል። ከዚያ ወዲያ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በአንድ ሺሕ ቅጅ ላይ አንድ ፊደል ቢሳሳት ስሕተቱ አንድ ሳይሆን አንድ ሺሕ ነው። ስለዚህ አራሚው ደጋግሞ ያነባል፤ አታሚው ከመፈረሙ በፊት ዐይኑን አሽቶ ያያል።

እንግዲህ ብዙ ሰዎች ይህን ጥንቃቄ እያስታወሱ የጥንቱ ሠራተኛ ጨዋ፤ የዛሬው ግን ግዴለሽ ነው ይላሉ። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። የቀድሞው ሠራተኛ ደጋግሞ ያነብ የነበረው ሁልጊዜ ለአንባቢው በማሰብ ነበርን? አንዳንዱ በእውነት እንዲህ ነበር። ሌላው ግን የሚያነበው የፕሌቱንና የወረቀቱን ዋጋ ፈርቶ፤ የአለቃውን ቁጣ ሰግቶ ነው። በጎነትና ቁጠባ አንድ ልብስ ለብሰው ሲሄዱ ማን ማን እንደ ሆነ መለየት አይቻልም። ከዚህም በላይ የጥንቱ ጥበብ የራሱ ጭካኔ ነበረው። የዕቃው ዝግጅት ውድ ስለ ሆነ ጥቂት ቅጅ የሚፈልግ ሰው ደጁን መርገጥ አይችልም ነበር። ዜኔፌልደር ራሱ ወደ ድንጋዩ የሄደው ድኻ ደራሲ ስለ ነበረ መሆኑን መርሳት አይገባም። ዛሬ እንደ ጥንታዊ ክብር የምናየው ጥበብ በተወለደ ጊዜ የርካሽነት ልጅ ነበር።

ዲጂታል ኅትመት ከዚሁ ፍላጎት የመጣ ነው። አንዱ ሥሩ ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 በኒውዮርክ ከተማ አስቶርያ በተባለው ሰፈር በኤሌክትሪክ ኃይልና በደረቅ ዱቄት የመጀመሪያውን ቅጅ ካወጣበት ሙከራ ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ኢንዲጎና ዘይኮን የተባሉት ኩባንያዎች ባለ ቀለም ዲጂታል ማተሚያዎቻቸውን አስተዋወቁ። በዚህ ዓይነት መኪና ፕሌት የሚባል ነገር የለም። ጽሑፉ ከኮምፒዩተር በቀጥታ ይመጣል፤ መልኩም መኪናው በዞረ ቁጥር እንደ ገና ይሣላል። ብዙ ሺሕ ቅጅ ለሚያስፈልገው ሥራ ዛሬም ኦፍሴት ቦታውን አልለቀቀም፤ ነገር ግን ሠላሳ ቅጅ ብቻ የሚፈልግ መምህር፤ ሃምሳ ቅጅ ብቻ የሚሸጥለት ባለ ቅኔ አሁን ደጅ አይጠናም። ለእኛም ፊደል ትርፉ ቀላል አይደለም። ከ200 የሚበልጠው ፊደላችን በእርሳስ ተቀርጾ ለቃሚው አንድ በአንድ ሲለቅመው የነበረውን ድካም የሚያስታውስ ሰው፤ ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ መግባቱ ምን ያህል ሸክም እንዳቃለለ ያውቃል።

ይህን ሁሉ በጎነት ካመሰገንን በኋላ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባናል። መልኩ በየዙሩ አዲስ የሚሣል ከሆነ፤ እያንዳንዱ ወረቀት ከሌላው የተለየ ሊሆን ይችላል። የስም ዝርዝር ለመኪናው ሲሰጥ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ወረቀት ያወጣል። በዚህ ጊዜ የስሕተት ጠባዩ ይለወጣል። በአንድ ሺሕ ቅጅ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ስሕተት የአንድ ሺሕ አንባቢ ስሕተት ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ አይቶ ይጮኻል፤ እርማትም ይወጣል። በአንድ ልጅ የምስክር ወረቀት ላይ ያለው ስሕተት ግን የዚያ ልጅ ብቻ ነው። ሌሎቹ ወረቀቶች ሁሉ ትክክል ናቸውና የሚጮኽለት ጓደኛ የለውም። ከዓመታት በኋላ ለሥራ ወይም ለከፍተኛ ትምህርት ሲያመለክት፤ ያባቱ ስም ከሌላው ማስረጃ ጋር አይስማማም ተብሎ ከቢሮ ወደ ቢሮ ይመላለሳል። ለአታሚው አንድ ወረቀት የሆነው ስሕተት ለእርሱ የወራት እንግልት ይሆናል። እንግዲህ ስሕተት የረከሰው ለሠሪው እንጂ ለተቀባዩ አይደለም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፤ ስሕተትን የሚያርም መኪናም ተሠርቷልና ለምን እንጨነቃለን ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የቃላትን አጻጻፍ የሚቈጣጠር መሣሪያ አለ። ነገር ግን «ታደለ»ም «ታደሰ»ም አጻጻፋቸው ያልተሳሳተ መልካም የአማርኛ ስሞች ናቸው። የተሰጠው ዝርዝር ራሱ ከተሳሳተ፤ የዚህ ልጅ አባት የትኛው እንደ ሆነ መኪናው ከወዴት ያውቃል? ይህን የሚያውቀው የልጁን ፊት የሚያስታውስ መምህር፤ መዝገቡን የሚገልጥ ጸሐፊ፤ ወይም ልጁ ራሱ ነው። መኪናው የፊደልን ትክክለኛነት ሊጠብቅ ይችል ይሆናል፤ እውነትን የመጠበቅ ኀላፊነት ግን ከሰው ትከሻ አልወረደም።

በአገራችን የብራና ጸሐፊዎች ዘንድ ስሕተት የሚታረመው በምላጭ እየተፋቀ ነበር። የተፋቀው ቦታ ግን ብራናው ሳስቶ፤ ቀለሙም ትንሽ ፈዝዞ ጠባሳው ይታያል። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ስቶ ነበር፤ ተመልሶም አቃንቶታል ብሎ ይረዳል። የዛሬው እርማት ጠባሳ የለውም። ይህ ለዐይን ያማረ ነው፤ ለትምህርት ግን አይበጅም። ጠባሳ የማይተው ስሕተት በቶሎ ይረሳል፤ የተረሳም ስሕተት ይደገማል። ሩበል በአንድ የተበላሸ ወረቀት ለዓለም የተረፈው ስሕተቱን ሳይጥል በፊት ስላየው ነው።

ስለዚህ ከአዲሱ ጥበብ መሸሽ አይገባም፤ መሸሽም አይቻልም። የሚገባው፤ አሮጌው መኪና በግድ ያሠራን የነበረውን አሁን በፈቃዳችን መሥራት ነው። ፊርማ የሚያርፍበት የመጀመሪያ ወረቀት በዲጂታሉም ዘንድ ይኑር። ስምን የሚመለከት ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለባለ ስሙ ይነበብለት። በቢሮ ያለ ሹም «በኋላ ይታረማል» ከማለቱ በፊት እስኪታረም ድረስ የሚመላለሰው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። መምህርም ለተማሪው ድርሰት የሚያርምለት የነገው ጸሐፊ የጻፈውን መልሶ ማንበብን ለነጥብ ብሎ ሳይሆን ለአንባቢው ክብር ሲል እንዲለምድ ነው።

በመጀመሪያ ያነሣነውን ጥያቄ ስንመልስ፤ የሰው ልጅ ከፍርሃትም ከፍቅርም የተነሣ ይጠነቀቃል እንላለን። ነገር ግን ከፍርሃት የተወለደ ጥንቃቄ የሚፈራው ነገር ሲወገድ አብሮ ይወገዳል፤ ከፍቅር የተወለደው ግን መኪና ሲለወጥ አይለወጥም። በዚያች ማተሚያ ቤት ሽማግሌው ወረቀቶቹን እንዲመረምሩ ያስገደዳቸው አልነበረም፤ የሚጠፋ ፕሌትም አልነበረም። ከመውጣታችን በፊት ወጣቱ የታረመውን ወረቀት አውጥቶ ለሽማግሌው ሰጣቸው። ቀሪዎቹን ግን ራሱ አነሣና የስም ዝርዝሩን ከፊቱ ዘርግቶ ከመጀመሪያው ስም ጀምሮ ማንበብ ያዘ።