ከቃጠሎው በፊት የነበረው ቀን

በደቡብ እንግሊዝ፣ ዌስት ሰሴክስ በሚባለው ግዛት፣ አፕፓርክ የተባለ የመኳንንት ቤት ኮረብታ ላይ ቆሟል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 1989 ሠራተኞች የጣሪያውን የእርሳስ ንጣፍ በእሳት እያሞቁ ሲጠግኑ ከሥሩ ያለው እንጨት ተያያዘ። ቤቱ በዕለቱ ለጎብኚ ክፍት ነበር። ሠራተኛው፣ በቤቱ የሚኖረው ቤተሰብ፣ ሊጎበኝ የመጣውም ሰው ሳይቀር ተሰልፎ ሥዕሉን፣ ወንበሩን፣ ምንጣፉን እየተቀባበለ ወደ ሜዳው አወጣ። ጣሪያውና የላይኛው ፎቅ ግን ነድዶ ምድር ቤቱ ላይ ተደረመሰ።

የቤቱ ባለቤት ናሽናል ትረስት የተባለው የእንግሊዝ የቅርስ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ካሰበበት በኋላ አንድ መመሪያ አወጣ፦ ቤቱ ከቃጠሎው በፊት በነበረው ቀን የነበረውን መልክ ይያዝ። ወጪውን ኢንሹራንስ ሸፈነ፤ ቤቱም በ1995 ተመልሶ ለሕዝብ ተከፈተ።

መመሪያው ሲሰሙት ምንም አያከራክርም። የተቃጠለብህን መልስ ነው የሚለው። ነገር ግን ከሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ ውስጥ ለምን ያ ቀን? ቃል በቃል ከተወሰደማ ከቃጠሎው በፊት በነበረው ቀን ቤቱ በግንባታ መወጣጫ ተከቦ፣ ጣሪያው እየተጠገነ ነበር። መወጣጫውን እንደገና ይትከሉ ያለ ሰው እንደሌለ ግልጽ ነው። ስለዚህ «ያ ቀን» የተባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ያለው ቀን አይደለም፤ ከዚያ ቀን ውስጥ ተለቅሞ የተወሰደ ነገር ነው። ለቃሚው ደግሞ ሰው ነው።

አፕፓርክ ላይ ይህ ምርጫ የመጀመሪያው አልነበረም። ቤቱ የተሠራው በ1690 አካባቢ ሲሆን በ1747 የገዛው የፌዘርስቶንሆ ቤተሰብ በጊዜው ፋሽን አስጌጠው። የዚህ ቤተሰብ ወራሽ ሰር ሃሪ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ1825፣ በግቢው የወተት ቤት የምትሠራ ሜሪ አን የተባለች ወጣት አገባ። በ1846 ሲሞት ቤቱ ለእርሷ ቀረ። እርሷም ሁሉም ነገር ሰር ሃሪ እንደተወው እንዲቆይ አደረገች፤ ከእርሷም በኋላ እህቷ በዚያው ቀጠለች። መጋረጃው ሲነጣ አልተቀየረም፤ የግድግዳው ወረቀት ሲደበዝዝ አልተላጠም። የደራሲው የኤች ጂ ዌልስ እናት የቤት አስተዳዳሪ ሆና የገባችው በዚህ ዓይነት ቤት ነው። እንግዲህ በ1989 ዓለም «ጥንታዊው አፕፓርክ» ብሎ ያለቀሰለት መልክ፣ ዘመድ አዝማድ ንቆ ሳያያት የማይቀር አንዲት ባልቴት ለሟች ባሏ ስትል የመረጠችው ቀን ነበር። እኔ በበኩሌ ከሕንጻ ባለሙያዎቹ ሁሉ በፊት ለቅርስ የተቆረቆረችው እርሷ ናት እላለሁ።

ስለ እድሳት የተጻፈውን ፍልስፍና ከዚህ አንጻር ሳየው ክርክሩ ሁሉ ስለ ቀን ይመስለኛል። ፈረንሳዊው ቪዮሌ ለ ዱክ ማደስ ማለት ሕንጻውን በየትኛውም ዘመን ኖሮት ወደማያውቅ ምሉዕ መልክ ማምጣት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ጽፏል፤ የእርሱ ቀን በታሪክ ውስጥ የለም፤ አሳቢው የፈጠረው ነው። እንግሊዛዊው ጆን ራስኪን በ1849 በታተመው መጽሐፉ እድሳትን ከነጭራሹ ውሸት ብሎታል፤ በእርሱ ቤት ያለፈ ቀን አይመለስም፣ ሙት አይነሳም። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረ። የሁሉም ዘመን አሻራ ይከበር አለ፤ ግምት ሲጀምር እድሳት ይቁም አለ፤ የጎደለው ሲተካ ከነባሩ ጋር ይስማማ፣ ነገር ግን አዲስነቱ ይለይ አለ። ዛሬ በየአገሩ የተቃጠለ ታሪካዊ ቤት ያለው ሰው ፈቃድ ሊጠይቅ ሲሄድ የሚሰጠው የዲዛይን መመሪያ ብዙውን ጊዜ የእነዚህ አንቀጾች የልጅ ልጅ ነው። የአሜሪካኑም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር መመዘኛ አዲሱ ሥራ ከአሮጌው ይለይ፣ ግን አብሮት ይሂድ ነው የሚለው።

ይስማማ፣ ግን ይለይ። ጥሩ አባባል ናት፤ እጅ ላይ ስትወድቅ ግን ታስቸግራለች።

አፕፓርክ ላይ ፍርስራሹ እንደ ቁፋሮ ቦታ በካሬ ተከፋፍሎ ተለቀመ፤ የተገኘው በሺዎች በሚቆጠሩ የቆሻሻ በርሜሎች ተቀምጦ ተጣራ። ከዓመዱ ውስጥ የኮርኒስ ቅጠል፣ የበር እጀታ፣ የመብራት ቁርጥራጭ ወጣ። የወደቀውን ኮርኒስ መልሶ መሥራት ግን የቁርጥራጭ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ለሳኝ ጌጡን በቅርጽ ማውጫ አላተመውም፤ እርጥብ ኖራውን ቦታው ላይ ለጥፎ፣ ሳይደርቅ በጣቱና በትንሽ መሣሪያ ቅጠሉን ያወጣው ነበር። ኖራው እንዳይሰነጠቅ ፀጉር ይቀላቀልበታል፤ እኛ ጭቃ ላይ ጭድ እንደምንጨምረው። ይህን የሚያውቅ እጅ ጠፍቶ ስለነበር የዘመኑ ለሳኞች ሙያውን እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው።

እዚህ ላይ መመሪያ የማይመልሰው ጥያቄ ይነሳል። የጥንቱ ለሳኝ እያንዳንዱን ቅጠል ሲያወጣ እጁ እንዳመጣለት ነው፤ ሁለት ቅጠል አንድ ዓይነት አይወጣለትም። የዛሬው ሰው ፎቶ አንሥቶ እያንዳንዷን መዛነፍ አንድ በአንድ ቢቀዳ፣ ውጤቱ ከጥንቱ ጋር ይመሳሰላል፤ ሥራው ግን የጥንቱ ሰው ፈጽሞ ያልሠራው ዓይነት ሥራ ነው፤ እርሱ ማንንም አልቀዳምና። በነጻነት ከሠራ ደግሞ ለድርጊቱ ታማኝ ይሆናል፣ ለመልኩ አይሆንም። ታማኝነት ለየቱ ነው? ለቅጠሉ ወይስ ለጣቱ? እኔ ወደ ጣቱ አደላለሁ። ያም ሆኖ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፦ አዲሱ የደበዘዘውን እንዲመስል ተደርጎ ከነባሩ ጎን ሲቀመጥ፣ ጎብኚው የቱ ከእሳት እንደተረፈ በዓይኑ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። ይስማማ የሚለው ተፈጽሟል፤ ይለይ የሚለው መዝገብ ቤት ገብቷል።

ያው ማኅበር ሌላ ቤት ተቃጠለበት። ጊልፎርድ አጠገብ ያለው ክላንደን ፓርክ፣ የቬኒሱ ተወላጅ ጃኮሞ ሊዮኒ ለኦንስሎ ቤተሰብ የነደፈው፣ ኤፕሪል 29 ቀን 2015 ከምድር ቤት በታች ባለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን ብልሽት በተነሣ እሳት በአንድ ሌሊት ባዶ ቀፎ ሆነ። በመጠኑ ደህና የተረፈው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ማኅበሩ መጀመሪያ ዋና ዋና ክፍሎቹን ላድስ ብሎ ነበር፤ በ2022 ግን ሐሳቡን ለውጦ ቀፎው እንዳለ ተጠብቆ፣ ጎብኚ በመተላለፊያ ድልድይ እየተዘዋወረ የተራቆተውን ጡብና የቤቱን አጥንት እንዲያይ ወሰነ። ብዙዎች ተቆጡ። ለአፕፓርክ የተደረገው ለክላንደን ለምን ተነፈገ አሉ።

ለውሳኔው የሚቆሙት ይህ ከሐሰት የጸዳ ነው ይላሉ፤ እሳቱም የታሪኩ አካል ነው፣ አንሰርዘውም ይላሉ። በከፊል እስማማለሁ። ከአፕፓርክ ይልቅ እዚህ የተረፈው ማስረጃ እጅግ ያነሰ ነው፤ ግምት በሚጀምርበት ቁም የሚለው ደንብ እዚህ ቶሎ ያስቆማል። ነገር ግን ፍርስራሹም ቢሆን የተመረጠ ቀን ነው፦ ከቃጠሎው በኋላ ያለው ቀን። ያም ቀን በራሱ አይቆምም። ዝናብ ይገባል፣ ጡቡ ይፈረከሳል፣ የከሰለው ምሰሶ ይወድቃል። ፍርስራሽን ፍርስራሽ አድርጎ ለማቆየት ጣሪያ፣ ብረት፣ ድጋፍ፣ በየዓመቱም በጀት ያስፈልጋል። ሳይነካ ቀረ የሚባለው ቤት ከታደሰው ያላነሰ ተነክቷል። የሁለቱ ልዩነት የሐቅና የሐሰት አይደለም፤ የትኛውን ቀን በስንት ገንዘብ እናቆየው የሚል ነው።

በዚሁ ክላንደን ግቢ ውስጥ እሳቱ ያላገኘው ሌላ ቤት ነበር። ሂነሚሂ ይባላል፤ የኒውዚላንድ ማኦሪዎች የተቀረጸ የመሰብሰቢያ ቤት ነው። በ1886 የታራዌራ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሰዎች ተጠልለውበት ተርፈዋል። የአገሩ ገዥ የነበረው ሎርድ ኦንስሎ ገዝቶት በ1892 ወደ እንግሊዝ ተጫነ። ለማኦሪዎቹ ቤቱ ስሟን የተሸከመላት ቅድመ አያታቸው ራሷ ናት። እንዲህ ላለ ቤት የዲዛይን መመሪያ ምን ይላል? አያትን «ለየት ያለ፣ ግን የሚስማማ» እግር አይቀጥሉላትም፤ አያትን ይጦሯታል። ማኅበሩ ቅርጾቹ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ፣ በምትኩም አዲስ ቅርጽ እንዲመጣ በመርህ ደረጃ ተስማምቷል። እዚህ ጋ ቀኑን የመምረጥ መብት ለቤቱ ዘመዶች ተመለሰ፤ ከሦስቱ ውስጥ ምርጫው ማንም ሳይሸሽገው በግልጽ የተነገረው በዚህኛው ነው ባይ ነኝ።

አዲስ አበባ ያለ አንባቢ እስካሁን ፒያሳ ያለውን ሆቴል ሳያስብ አልቀረም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲነድ ጉዳት ከደረሰበት ነባር ሕንጻ ጋር ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ ቤት አብሮ ወደመ። በእኛ አገር ቅርስ ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣኑ ቅድመ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይደነግጋል። ደንቡ ደግ ነው። ፈቃድ ሰጪው ፊት የሚቀርበው ጥያቄ ግን ያው ነው፦ እቴጌይቱ ያሠሩት ቀን ይመለስ? ወይስ አንድ ትውልድ ቤቱን ያወቀበት፣ ሳክስፎን የሚሰማበት የቅዳሜ ማታ? መመሪያ ላይ የመጀመሪያው «ነባር» ሲባል ሁለተኛው «ተጨማሪ» ይባላል፤ ተጨማሪ ደግሞ ሲቃጠል ጉዳት ተብሎ ላይመዘገብ ይችላል። ፈቃዱ ላይ የሚፈርመው ሰው የትኛውን ቀን እንደመረጠና ማንን ጠይቆ እንደመረጠ በአንድ አንቀጽ እንዲጽፍ ቢገደድ፣ ብዙ ውሳኔ የሚለወጥ ይመስለኛል።