ይቅርታ ያልተጠየቀች ከተማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህች መጽሔት ስለ ቴሌቪዥን ፊልም መጻፌ የሚያስገርማችሁ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍላችን አንድ ሌሊት ሙሉ ያከራከረን ጉዳይ የንስሐ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፊልሙ በ2013 ዓ.ም. በዘጠኝ ክፍል የቀረበው «ዋንዳ ቪዥን» የተባለው የአሜሪካው ማርቭል ድርሰት ነው። ዋንዳ ታላቅ ኃይል ያላት ሴት ስትሆን የምትወደው ቪዥን ሞቶባታል። በኀዘኗ ብዛት ኒው ጀርሲ ውስጥ ያለችውን ዌስትቪው የተባለች ትንሽ ከተማ በአስማት አጠረቻት፤ የነዋሪዎቹንም አእምሮ ይዛ ለፈጠረችው ቤተሰብ አጫዋቾች አደረገቻቸው። ሰዎቹ ውስጥ ውስጡን ይሠቃያሉ፤ ሲተኙ እንኳ የሚያዩት የእርሷን ቅዠት ነው። አንዲት እናት ልጇ ከተዘጋባት ክፍል እንድትወጣላትና እንድታቅፋት ዋንዳን ትለማመጣለች። እስከዚህ ድረስ ደራሲዎቹን አመሰግናለሁ፤ እኔም አልቅሻለሁ።

የደከሙት መጨረሻው ላይ ነው። ዋንዳ አስማቱን ፈታች፤ የፈጠረቻቸው ባሏና ልጆቿም አብረው ጠፉ። በአደባባዩ ስታልፍ ሕዝቡ በጥላቻ ያያታል። ሞኒካ የተባለችው ሴት ግን ለእነርሱ ስትል የሠዋችውን ሰዎቹ ፈጽሞ እንደማያውቁላት ነግራ አጽናናቻት። ዋንዳ ስላደረሰችው ሥቃይ ይቅርታ ጠየቀች፤ የጠየቀችው ግን ሞኒካን ነው! ከዚያም በርራ ሄደች። ለመሆኑ የሰው ነፃነት ለባለቤቱ ሲመለስ መሥዋዕት ይባላልን?

አንዱ ጓደኛችን «ኀዘንተኛ ናት፤ ምን ታድርግ?» አለ። ሌላው በ2014 ዓ.ም. የወጣውን ፊልም ጠቅሶ እዚያ ተቀጥታለች ሲል ተከራከረ። እኔ ግን አልተቀበልኩትም። በዚያ ፊልም ዶክተር ስትሬንጅ የተባለው ጀግና ሊያነጋግራት ሲመጣ፣ የመጣው ስለ ዌስትቪው እንዳልሆነ ገና ከመጀመሪያው ይነግራታል። የከተማዋ ነገር በዚህ ተዘጋ።

የቅዱስ መጽሐፍ ጸሐፊዎች እንዲህ አላለፉም። ንጉሥ ዳዊትን ታውቁታላችሁ፤ ኃያል ነው፣ ዘማሪ ነው፣ እንባውም እውነተኛ ነው። ሆኖም ናታን የድሀውን በግ ታሪክ ይዞ ገባበት (2ኛ ሳሙ. 12)። ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የጌታ የትውልድ ሐረግ ሲቆጠር እንኳ የሰሎሞን እናት የኦርዮ ሚስት ተብላ መጠራቷ ነው (ማቴ. 1፥6)። ተበዳዩ ከስንት ዘመን በኋላ በስሙ ቆሟል። ዘኬዎስም ቢሆን የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ቁጥር ተናገረ እንጂ በደስታው ብቻ አላለፈም።

እኔ ያደግሁት ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አጠገብ ነው። የቅዱስ ያሬድ ድጓ ምስክር የሚገኝበት ቦታ ስለ ሆነ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ ይዘው የሚመጡትን ተማሪዎች እያየሁ ነው ያደግሁት። ተማሪው ዜማውን ሲስት መምህሩ ወደ ሳተበት ይመልሰዋል። መራቡን፣ መንገድ መምታቱን ያውቃል፤ ቢሆንም ይመልሰዋል።

ዋንዳን ይህን ያህል የምከሳት ራሴን ስለማውቀው ነው። አባቴ በ2014 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ ለታናሽ እኅቴ ሰጥቷት የነበረውን ጊደር ሳልጠይቃት ሸጥኩ፤ ገንዘቡንም ለልብሴና ለመንገዴ አዋልኩት። ዘመድ ሁሉ «ተዉት፣ ኀዘን ነው» አለ። እኔም ያንን ቃል ወድጄ ተጠለልኩበት። ባለፈው ዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቴ ስናገር ግን «ለልጅቱ ነግረሃታል?» አሉኝ።

«አልነገርኳትም፣ አባ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ወደ እርሷ ሂድ፤ ቀኖናውን ስትመለስ እሰጥሃለሁ።»

ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። እኅቴ ቡና ትቆላ ነበር፤ ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አንገቴንም አላቀፈችም። ምጣዱን አውርዳ «ይኸኔ እኮ ሁለት ጊዜ በወለደች» አለችኝ።

ተማሪ አስጠንቼ ከማገኘው ላይ የጊደሯን ዋጋ በየወሩ እየላክሁላት ነው። የጥጆቹን ሒሳብ ግን ገና አልተነጋገርንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።