የንቧን ድርሻ ተውላት

ልጄ፣ የተከለለው ተራራ ለእናንተ ለወጣቶቹ ተሰጥቶ ንብ ልታነቡበት መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ዘመናዊ ቀፎም አግኝታችኋል፤ ደግ ነው። ሣጥን ግን ንብ አይወልድምና፣ ከሣጥኑ በፊት ስለ ንቧ ላጫውትህ።

የአገራችን ንብ ድርቅን ለምዳ የኖረች ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች አካሏን ለክተው ከሌሎች የተለየች መሆኗን ገለጹ፤ በሰሜን ተራሮች ስምም «ሲሜንሲስ» አሏት። አበባ ሲሳሳ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣል ትቀንሳለች፣ ቀፎውም ከስንቁ ጋር ተመጣጥኖ ይከርማል። ስንቁ ጨርሶ ካለቀ ግን ቁጭ ብላ ሞቷን አትጠብቅም፤ ቀፎውን ጥላ ትኮበልላለች። ባለቀፎው «ንቤን ዓይን በላብኝ» ይላል። ያባረራት ግን ራሱ ነው፣ ማሩን ሙልጭ አድርጎ ስለቆረጠ።

ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር ስትቆርጥ እጅህን ሰብስብ። የጭቃ ቀፎ ከሆነ ከኋላው ክፈት፤ ማሩ ያለው እዚያ ነው። ወደ መግቢያው ስትጠጋ እንጀራው ይጠቁራል፣ ክዳኑም ቡናማና ጎበጥ ያለ ይሆናል። እጭ ነው፣ አትንካው። ከእጩ ቀጥሎ ያለውን ማርም ተውላት፤ በጋውን የምትወጣው በእሱ ነው። ጭስህ ይለዝብ፤ ነበልባል ክንፏን ይለበልባል፣ የበዛ ጭስም ማሩን ጭስ ጭስ ያሰኘዋል።

ነጩን ማራችንን የምትሰጠን መንጠሴ የምትባለው ቁጥቋጦ ናት። ለማገዶ ብለው ከሥሯ ሲነቅሏት ዝም አትበል። ማሳው ላይ መድኃኒት የሚረጭ ጎረቤት ካለህም ቀድመህ ሂድና ለምነው፤ አበባ ላይ አይርጭ፣ ግድ ከሆነም ንብ ከገባች በኋላ በምሽት ይርጭ፣ ለአንተም አስቀድሞ ይንገርህ።

የምፈራልህ ግን ገበያውን ነው። ክረምቱ ወጥቶ ንብ መንጋ ስታወጣ፣ ሰቆጣ ላይ ኅብረ ንብ ደህና ዋጋ ያወጣል። መንጋውን ሽጥ፤ ድርቅ ያሳለፈችውን እናት ቀፎ ግን በምንም ዋጋ አትስጥ፣ ዘርህ እሷ ናት። ከሩቅ አገር ተጭኖ የመጣ ንብም አትግዛ። ድንጉላው ከእኛ ንግሥት ጋር ይዳቀላል፣ በሽታም ይዞ ይመጣል፤ ቫሮዋ የሚባለው ተባይ ዓለምን የዞረው ሰው ንብ ከቦታ ቦታ ሲያጓጉዝ ነው። መንጋ ካነሰህ የሰቆጣ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብህ ነው፤ ሂድና ባለሙያዎቹን ንግሥት እንዴት እንደምትራባ ጠይቃቸው።

እስከዚያ ከቀፎዎቹ አጠገብ ውኃ በገበታ አኑር፤ እንዳይሰምጡ ጠጠር ጣልበት። ቀፎዎቹ በተቀመጡበት መደብ እግር ዙሪያም አመድ ነስንስ፣ ጉንዳን እንዳይወጣ።