መጀመሪያ መሬቱ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ አዳራሽ ወርዶ ቁርስ ሲቀምስ አንዲት እናት ወደ እኔ መጡ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ በሥራ ቀን የምውለው እንስሳት ክሊኒክ ውስጥ መሆኑን ሰምተዋል። «ዲያቆን፣ ልጁ እንሽላሊት ካልገዛችሁልኝ ብሎ አላስቀምጥ ሲለን አባቱ ገዛለት። ሱቁ አሸዋ አንጥፉለት ይላል፣ የልጁ ጓደኛ ደግሞ ሶፍት ነው የሚሻለው ይላል። የቱን እንስማ?» አሉኝ። አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ ትልቅ አባት የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «በደረቱ ለሚሳብ ለተረገመ ፍጥረት ምንጣፍ ይመረጥለታል እንዴ?» አሉ። የቀልድ አነጋገር አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

ለሁለቱም እዚያው አጠር አድርጌ መልሻለሁ። ግን ሁለቱ ጥያቄዎች ሥራቸው አንድ ነው ብዬ ስለማምን ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ወደድሁ። ሰው በእጁ ለገባ፣ አፍ አውጥቶ ለማይነግረው ፍጥረት ምን ዕዳ አለበት? እንዳይሞት መጠበቅ ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ?

ከእርግማኑ ልጀምር። በኦሪት ዘፍጥረት ሦስተኛው ምዕራፍ የተረገመው ሔዋንን ያሳተው እባብ ነው፤ በደረቱ እንዲሄድ፣ አፈር እንዲበላ ተፈርዶበታል። ከዚያ በፊት ግን፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ በምድር ላይ የሚሳበው ሁሉ በስድስተኛው ቀን ተፈጥሯል፤ ፈጣሪም አይቶ መልካም መሆኑን መስክሮለታል። ይህ ምስክርነት በኋላ ተሻረ የሚል ቦታ አላገኘሁም። የሴቲቱ ዘር የእባቡን ራስ ይቀጠቅጣል የተባለውንም አበው ለክርስቶስ ነው የሚተረጉሙት፤ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ባለች ነፍስ ላይ ለመጨከን ፈቃድ ነው ብሎ ያስተማረኝ መምህር የለም።

እንሽላሊቶች አፈር ሲበሉ ግን አይቻለሁ። የጤነኛ እንሽላሊት ሆድ ራጅ ላይ ግራጫ ጥላ ነው። አሸዋ የዋጠው ከጎድን አጥንቱ በታች እስከ ጅራቱ ሥር ድረስ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ አጥንቱ ራሱ ከአሸዋው ጎን ደብዝዞ ይቀራል። ነብርማ ጌኮ የሚባለው እንሽላሊት ስቡን የሚያጠራቅመው ጅራቱ ላይ ነውና ጅራቱ ከስቶ እንደ ክር ቀጥኗል። በአውራ ጣቴ ሆዱን ቀስ ብዬ ስዳብስ የተቋጠረ ጠጠር ይሰማኛል። ባለቤቶቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወዱት ሰዎች ናቸው፤ በፎጣ ጠቅልለው፣ እያለቀሱ ነው የሚያመጡት።

ለምን ዋጠው? አንዳንዱ ከምግቡ ጋር አብሮ ይገባል። ሌላው ግን ከችግር የሚመጣ ነው። ካልሲየም ያጠረው እንስሳ መሬት ይልሳል። ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ስለሆነ የሚሞቅበት ቦታ ካልሞቀ ምግቡን መፍጨት አይችልም፤ ለነብርማው ጌኮ ከመብራቱ ሥር ያለው ወለል ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረስ አለበት። እዚያ ካልደረሰ፣ ውሃም ከጎደለው፣ ጤነኛው ጌኮ ሊያወጣው የሚችለው ጥቂት አሸዋ አንጀት ውስጥ ቆሞ ይቀራል። «ካልሲየም ያለበት ነው፣ ቢውጠውም ይፈጫል» እየተባለ የሚሸጠው ባለ ቀለም አሸዋ ከሁሉ ይብሳል። ካልሲየም ያጠረውን እንስሳ እንዲልሰው ይጠራዋል፤ ሲረጥብ ደግሞ ይጋገራል። እንግዲህ እኚያ አባት እርግማን ያሉትን እኔ ራጁ ላይ ሳየው የጠባቂ ጉድለት ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ሰጋቱራም አለ። እዚህ አገር ሴዳር ተብሎ ለእንስሳት መኝታ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከምሥራቅ አሜሪካ ከሚበቅለው ቀይ ሴዳር ሲሆን፣ ዛፉ የእኛ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው። ከረጢቱ ሲከፈት ልጅ ሆኜ ፊደል የቆጠርሁበት ደብር ቅጥር ግቢ ፊቴ ድቅን ይላል፤ ከዝናብ በኋላ ከጥዶቹ ሥር ዳዊት ስንደግም የነበረው ሽታ ነው። ለእንሽላሊቱ ግን ያን ሽታ የሚሰጡት ዘይቶች ጎጂ ናቸው፤ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሌት ተቀን ይተነፍሳቸዋል፣ ሳንባውንና ጉበቱን ይጎዱታል። የምንወደውን ነገር ለምንወደው መስጠት ደግነት ይመስለናል። ለዚህ ፍጥረት ግን እውቀት የሌለበት ደግነት መርዝ ሊሆን ይችላል። የተፈጨ የዋልነት ቅርፊትና የበቆሎ ቆረቆንዳንም ተዉአቸው፤ አንዱ ስለታም ነው፣ ሌላው እርጥበት ይዞ ይሻግታል፣ ከተዋጠም አንጀት ይዘጋል።

ስለ ሶፍቱ የልጁ ጓደኛ አልተሳሳተም። ከሁሉ ይልቅ አደጋ የሌለበት ንጣፍ እሱ ነው። አይዋጥም፣ ሲቆሽሽ ተነሥቶ ይጣላል፣ ዓይነ ምድሩ ላይ ደም ካለ ወዲያው ይታያል። ክሊኒካችን የታመመውን የሚያስተኛው በሶፍት ላይ ነው፤ አዲስ የተገዛ እንስሳም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በዚህ ላይ ቢቆይ እመክራለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አደጋ የሌለበት ነገር ከተገኘ ዘንድ ዕዳችን አበቃ?

ብዙ ደግ ሰዎች አዎ ይላሉ። ይበላል፣ ይጠጣል፣ አይታመምም፤ ሌላ ምን ይፈልጋል? ይህን ስሰማ የሚታወሰኝ ኖኅ ነው። መርከቡ በቅጥራን የተለቀለቀ ነበር፤ ውጭው ሁሉ ሞት ሆኖ ሳለ በውስጡ ያሉት ከዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ተርፈዋል። ነገር ግን ርግቧን አስቡ። ስትለቀቅ ለእግሯ ማረፊያ አጥታ ተመለሰች፤ ኖኅም እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። ሰባት ቀን ቆይቶ ግን እንደገና ላካት። እዚህ ደህና ናት ብሎ አላስቀራትም። ውሃው ሲደርቅም የእግዚአብሔር ትእዛዝ እንስሳቱ ሁሉ ወጥተው በምድር ላይ እንዲበዙ ነበር። መርከቡ ቅዱስ ሥራ ሠርቷል፤ ሥራው ግን ከጥፋት ማሳለፍ ነበር። ሶፍቱንም የማየው እንዲሁ ነው፤ የሕመምና የጥርጣሬ ወራት ማሳለፊያ ነው።

በሶፍት ላይ የምትኖር ጌኮ ማታ ምን እንደምታደርግ ላስረዳ። መብራቱ ሲጠፋ ከመደበቂያዋ ትወጣለች። ማእዘኑ ላይ ትቆምና በፊት እግሮቿ ሶፍቱን ትጭራለች። ይቀደዳል። ከሥሩ መስታወት ነው፤ መስታወቱንም ትጭረዋለች። ትተወውና ወደ ሌላው ማእዘን ሄዳ ያንኑ ትደግማለች። ይህን ራጅ አያሳየውም፣ መድኃኒትም የለውም። የተፈለፈለችው ሰው ቤት፣ ያደገችው ሱቅ ውስጥ ነው፤ አፈር ያሳያት የለም። መቆፈርን ግን ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች። «ደመ ነፍስ ናት፣ ምን ታውቃለች» የሚሉኝ አሉ። እንደ እኛ ታዝናለች አልልም። የተሰጣት ተፈጥሮ ግን ከፈጣሪ የተቀበለችው ነው፤ እሷን የገዛ ሰው ያንን ተፈጥሮ የመሰረዝ መብት አብሮ አልገዛም።

ታዲያ መሬቷ የቱ ነው? ነብርማው ጌኮ የአፍጋኒስታን፣ የፓኪስታንና የሰሜን ምዕራብ ሕንድ ፍጥረት ነው። ሰዎች በረሃ ሲባል ልቅ አሸዋ ይታያቸዋል፤ እሱ የሚኖረው ግን ድንጋይ በበዛበት፣ በጠነከረ ሸክላማ መሬት ላይ ነው፤ ቀን ቀን ስንጥቅና ጉድጓድ ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ጤነኛ ለሆነው ማዳበሪያ ያልገባበት የላይ አፈር 70 እጅ፣ ታጥቦ የተነፋ አሸዋ 30 እጅ ተደባልቆ፣ ርሶ፣ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ተነጥፎ፣ በእጅ ተጠቅጥቆ ቢደርቅለት ይቆፍርበታል፤ አፈሩም እንደ ልቅ አሸዋ ወደ አፉ አይበንንም። በአንዱ ጥግ እርጥብ መደበቂያ ይኑረው፤ ቆዳውን ሲቀይር እዚያ ይገባል።

ሱልካታ የሚባለው ኤሊ ይህን ነገር ይበልጥ ያስረዳል። አገሩ ከሴኔጋል ጀምሮ የሰሃራን ደቡባዊ ጠርዝ ይዞ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ይደርሳል። ጠባቂዎቹ ለረጅም ጊዜ የበረሃ ነው እያሉ ጫጩቶቹን በደረቅ ወለል ላይ ሲያሳድጉ፣ የድንጋይ ልብሱ እንደ ፒራሚድ እየተቆለለ ያድግ ነበር። የሚበላው ፕሮቲን ስለበዛ ነው ይባል ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ግን ጫጩቶቹን በተለያየ እርጥበት አሳድጎ ዋናው ምክንያት ድርቀቱ መሆኑን አሳየ። ነገሩ ግልጽ ነው። ይህ ኤሊ ከ3 ሜትር የሚዘልቅ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ከላይ ምድሩ ሲቃጠል እሱ ከታች በእርጥበት ውስጥ ነው። እኛ ያየነው ላይኛውን መሬት ነበር፤ እሱ የሚኖርበትን አላየንም። እንስሳትን እንድንገዛ ሥልጣን ተሰጥቶናል እያልን የምንጠቅሰው ቃል ይህን ማወቅንም ይጠይቃል ብዬ አምናለሁ። አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነበርና።

ከነጭራሹ ማኖሩስ ይገባል ወይ? አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕላቸው ላይ የምናያቸው በስልሳ አናብስትና በስልሳ አናብርት ተከበው ነው። አራዊቱን ወደ በዓታቸው አስረው አላመጡም፤ እሳቸው ናቸው አራዊቱ ወዳሉበት የሄዱት። እኔ ትክክለኛው መንገድ ይህ ይመስለኛል፤ ከዱር ተይዞ የሚሸጥ እንስሳ መግዛትንም ኃጢአት ነው እላለሁ። በሰው ቤት የተፈለፈለው ግን የሚመለስበት ዱር የለውም። ሜሪላንድ ላይ ብንለቀው ክረምቱ ይገድለዋል። ከመጣ በኋላ መሬቱን የሚሰጠው ያስመጣው ሰው ብቻ ነው።

በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን የብሱ የተገለጠው ማክሰኞ ነው፤ በምድር የሚሳቡት የተፈጠሩት ዓርብ። መሬቱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቃቸው። እኛ ግን እንስሳውን ገዝተን ቤት ካስገባን በኋላ ነው ምን እናንጥፍ የምንለው።

ስለዚህ ልጆቻችሁ የሚለምኗችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ሳጥኑን፣ አፈሩን፣ የሚሞቅበትን መብራትና ቴርሞሜትሩን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ልጁ ወለሉን በየቀኑ ይለካ፤ ሙቀቱ ሳምንት ሙሉ ሳይዋዥቅ ከቆየ ያኔ ጌኮውን አምጡለት፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታትም በሶፍት ላይ አቆዩት። ሱልካታን ግን አትግዙ። ዛሬ መዳፍ ላይ የምትቀመጠው ጫጩት ከ45 ኪሎ በላይ ልትመዝን፣ ከ50 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፣ አፓርታማ ውስጥ ደግሞ የምትቆፍረው መሬት የለም።