ስምን መጠየቅና ምሥጢርን መጠበቅ

ገንዘቡን ለማውጣት ወደ ባንክ የሚሄድ ሰው ስሙንና መኖሪያውን እንዲናገር፤ መታወቂያውንም እንዲያሳይ ይጠየቃል። ይህ አጠያየቅ ክፋት የለበትም፤ ጉቦ በላ የሰበሰበውን በሐሰት ስም እንዳይሸሽግ፤ የድኻውም ተቀማጭ ለሌላ ሰው ተከፍሎ እንዳይጠፋ የሚከለክል ጥበቃ ነውና። ነገር ግን ስምን የሚቀበል ኹሉ ዕዳ አለበት፤ ይኸውም የመጠበቅ ዕዳ ነው።

ለዚህ ነገር የአሜሪካ ታሪክ ምሳሌ ይሆናል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. በዚያ አገር የባንክ ምሥጢር ሕግ የተባለ ወጣ። ስሙ ምሥጢርን የሚጠብቅ ይመስላል፤ ሥራው ግን ባንኮች የደንበኞቻቸውን ነገር እንዲመዘግቡ፤ ከ10000 ዶላር በላይ በጥሬ ገንዘብ ያስገባውን ወይም ያወጣውን ሰውም ለመንግሥት እንዲያስታውቁ ማስገደድ ሆነ። ቍጥሩ ከ50 ዓመት በላይ ሳይለወጥ ስለ ቈየ፤ ገንዘቡም ስለ ረከሰ፤ በፊት ባለጠጎችን ይመለከት የነበረው ትእዛዝ ወደ መካከለኛው ሰው ወረደ።

በ1976 ዓ.ም. የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት፤ በባንክ ያለው መዝገብ የባንኩ እንጂ የደንበኛው አይደለምና መንግሥት ቢወስደው በሕገ መንግሥቱ ሊቃወም አይችልም ብሎ ፈረደ። ይህ ፍርድ አደራን እንደ ስጦታ መቍጠር ነው። የንስሐ አባት የሰማው ነገር በጆሮው ስለ ገባ ብቻ የራሱ ንብረት አይሆንም። ምክር ቤቱም በ1978 ዓ.ም. መንግሥት መዝገቡን ሲፈልግ አስቀድሞ ለደንበኛው እንዲያስታውቅ በብዙው አዘዘ፤ ባንኮች በሕግ ተገደው የሚልኩትን የጥሬ ገንዘብ ማስታወቂያ ግን ከዚህ ጥበቃ ውጭ ተወው።

«ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?» የሚሉ አሉ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ግን፤ ከማስታወቂያው ለማምለጥ ብሎ ገንዘቡን ከፋፍሎ ማስገባት፤ ገንዘቡ በቅን ሥራ የተገኘ ቢሆንም እንኳ፤ ወንጀል ሆኗል። ደግሞም መሸሸግ ኹሉ የበደል ምልክት አይደለም፤ የተቸገረ ወዳጁን ዕዳ በስውር የሚከፍል ሰው፤ ደዌውንም ለጎረቤት ሳያሰማ የሚታከም ሰው፤ ያለ አንዳች ወንጀል ምሥጢር አለው።

ስለዚህ ሕግ ስም ሰጪውን ብቻ ሳይሆን ስም ተቀባዩንም ሊያስር ይገባል፤ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይጠይቅ፤ ለአንድ ጕዳይ የተቀበለውን ለሌላ እንዳያውል፤ ጊዜው ሲያልፍም እንዲያጠፋ። በኢትዮጵያም በአገሩ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ታውጇል። አዋጁ ግን በወረቀት ነው፤ የሰውን ስም በየዕለቱ የሚቀበለው በመስኮቱ የተቀመጠው ጸሓፊ ነውና፤ አደራው በመጨረሻ በእርሱ ሕሊና ላይ ያርፋል።