ጸጥታን መሳል ሐሰት ነውን?

ሠዓሊ የዘመኑን መከራ ወደ ጎን ትቶ የረጋ ወንዝና መንደር ቢስል፥ እውነትን ሸሸገ ሊባል ይገባዋልን? ለዚህ ጥያቄ አልፍሬድ ሲስሌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. የሣለው «የቪልኔቭ ላ ጋረን ድልድይ» መልካም መመርመሪያ ይሆነናል። ሥዕሉ ዛሬ በኒው ዮርክ፥ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል።

የሚያሳየው ነገር ቀላል ነው። በ1844 ዓ.ም. ከድንጋይና ከብረት የተሠራው ድልድይ የሴንን ወንዝ ተሻግሮ መንደሩን ከሳን ደኒ ጋር ያገናኛል። ሰማዩ ጠርቷል፤ ውኃው የቤቶቹን መልክ ሰባብሮ ይመልሳል፤ ከወንዙ ዳር ሰዎች በጥላ ዐርፈዋል።

ይሁን እንጂ በጥር ወር 1871 ዓ.ም. ሳን ደኒ በፕሩሲያ መድፍ ተደብድባ ነበር፤ ፓሪስም ተከባ በረኃብ ተጨንቃ ነበር። የሲስሌ አባት ንግድም በዚያው ጦርነት ወደቀ፤ ልጁም እስከ ሞተበት እስከ 1899 ዓ.ም. ድረስ ከችግር ጋር ኖረ። ስለዚህ መከራውን ባለማወቅ አልሣለም።

አንድ ሹም ሕዝቡ ተርቦ ሳለ «አገሩ ደኅና ነው» ብሎ ለበላይ ቢጽፍ፥ ይህ በእርግጥ ሐሰት ነው፤ ሊዘረጋ የነበረውን የርዳታ እጅ ያስቀራልና። የሲስሌ ሸራ ግን ጦርነት አልነበረም አላለም፤ ከተጎዳውም ሰው ያስቀረው ርዳታ የለም። የመሰከረው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰው ያለ ሥጋት ድልድይ መሻገሩ፥ ከሥራው ዐርፎ ከወንዝ ዳር መቀመጡ፥ ጦርነት የሚነጥቀውና ሰላም የሚመልሰው ሀብት መሆኑን ነው።

«ልጁን በጦርነት ላጣ አባት የጠራ ሰማይ ምን ይረባዋል?» የሚል ቢኖር ክርክሩ ቀላል አይደለም። ኀዘኑን የሚጽፍለት፥ በደሉን የሚመሰክርለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል፤ የሲስሌ ሥዕል ያን ሰው አይተካውም። ነገር ግን ቁስሉ ብቻ ተጽፎ ቢቀር፥ የሚመጣው ትውልድ የፈረሰውን ያውቅ ይሆናል እንጂ ሊጠብቀው የሚገባውን አያውቅም።

እንግዲህ ሥዕልም ሆነ ጽሑፍ ስንመዝን፥ «ያላሳየው ነገር ምንድን ነው?» ብለን ብቻ አንቁም። «ባለማሳየቱስ የተጎዳ ማን ነው?» ብለን እንጨምር። ተጎጂ ካለ ዝምታው በደል ነው፤ ከሌለ ግን ጸጥታውም የእውነት አንዱ ክፍል ነው።